ያውቁ ኖሯል? ተኝቶ ስለሚደክም ሰውነት

ፒያሳ ውስጥ «እንዴት አደሩ?» ተብሎ «እግዚአብሔር ይመስገን» ሳይል የሚያልፍ የለም። እንቅልፍ በዓይኑ ሳይዞር ያነጋውም፣ ሌሊቱን ሙሉ ተኝቶ እንደተደበደበ ሰው ስብርብር ብሎ የተነሣውም መልሳቸው አንድ ነው። የዛሬው አምዳችን ለሁለተኛው ሰው የተዘጋጀ ነው፤ ተኝቶ ለሚደክመው፣ የደም ምርመራው ሁሉ «ደህና ነው» ተብሎለት ሕመሙ ግን ላልለቀቀው። ቤቱ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው ያለበትም ያንብበው።

ፋይብሮማያልጂያ የሚባለው ሕመም በዓለም ላይ ከመቶ ሰው ከ2 እስከ 4 በሚሆነው ላይ እንደሚገኝ እንደሚገመት ያውቁ ኖሯል? ከ3 ወር በላይ የዘለቀ፣ ዛሬ ትከሻ ነገ ዳሌ እያለ መላ አካልን የሚያዳርስ ሕመም፤ ዕረፍት የማያስወግደው ድካም፤ የማያሳርፍ እንቅልፍ፤ የሐሳብ መበታተን። ዋና ዋና ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው። መገጣጠሚያ አያብጥም። አጥንት አይጎዳም። ራጅም አያሳየውም።

ታዲያ የማይታይ ሕመም መኖሩ በምን ታወቀ? በ2002 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ተመራማሪዎች የታማሚዎችንና የጤነኞችን የአውራ ጣት ጥፍር በተመጠነ ኃይል እየተጫኑ አንጎላቸውን በኤምአርአይ ተመለከቱ። ታማሚዎቹን ያሳመመው ግፊት ለጤነኞቹ ከመነካት ብዙም አልዘለለም ነበር፤ ጤነኞቹ ያንኑ ያህል ሕመም እንዲሰማቸው እጥፍ ገደማ ግፊት አስፈልጓል። በታማሚዎቹ አንጎል ውስጥ ግን ሕመምን የሚያስተናግዱት ክፍሎች በዚያችው ቀላል ግፊት ሥራ ላይ ነበሩ። ስለዚህ «አመመኝ» የሚል ሰው ሲያጋንን አይደለም፤ የነርቭ ሥርዓቱ የሚነግረውን ነው የሚናገረው።

«ሪህ ነው»፣ «ቁርጥማት ነው»፣ «ብርድ መትቶሽ ነው»፣ «ነርቭ ነው»። ይህን ሕመም ተሸክሞ በአራዳ ሰፈሮች የሚኖር ሰው እነዚህን ሁሉ ሰምቷል። ብዙው ደግሞ በጎን «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብሎ በተደጋጋሚ መድኃኒት ወስዷል። ለታይፎይድ የሚደረገው የዊዳል ምርመራ የተገኘው በ1896 እ.ኤ.አ. ማለትም የዓድዋ ጦርነት በተካሄደበት ዓመት መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በሽታው በሚበዛበት አገር ቀድሞ የተያዘ ወይም በሌላ ነገር የታመመ ሰው ደምም «አለ» ሊል ስለሚችል በዚህ ምርመራ ብቻ መታከም አይመከርም። ትኩሳት ሳይኖር በየጥቂት ወሩ «ታይፎይድ» የሚባል የሰውነት ሕመም ካለ ሐኪሙን ሌላ ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

የበሽታው ስም አመጣጥ ደግሞ እንዲህ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ በ1904 እ.ኤ.አ. «ፋይብሮሳይቲስ» አለው፤ ሥጋ ውስጥ ብግነት ያለ መስሎት ነበር። ብግነቱ ሊገኝ ስላልቻለ በ1976 እ.ኤ.አ. ፊሊፕ ሄንች የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም የዛሬውን ስም ሰጠው። የዚህ ሐኪም አባት በኮርቲዞን ግኝት በ1950 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመው ሌላው ፊሊፕ ሄንች ነው። የአባትየው መድኃኒት ዘር የሆነው ፕሬድኒሶሎን ለፋይብሮማያልጂያ አይረዳም። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ለብቻቸው ብዙ አይፈይዱም። ለዓመታት እየተዋጡ ጨጓራና ኩላሊት የጎዱባቸው ሰዎች አሉና ይህ በየመድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቢነገር ደስ ባለኝ።

አሁን ወደ እንቅልፍ እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው።

ጤነኛን ሰው እንቅልፉን በማወክ ብቻ ፋይብሮማያልጂያን የሚመስል ሕመም ማምጣት እንደሚቻል ያውቁ ኖሯል? በ1975 እ.ኤ.አ. ቶሮንቶ፣ ካናዳ ውስጥ ሃርቪ ሞልዶፍስኪ የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ የታማሚዎችን የሌሊት አንጎል ሞገድ መዘገቡ። ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ መኖር ካለባቸው ዝግተኛ ሞገዶች መሐል ነቅቶ ዓይኑን የጨፈነ ሰው አንጎል የሚያወጣው «አልፋ» የሚባለው ሞገድ ተደባልቆ አገኙት። ሰውየው ተኝቷል፤ አንጎሉ ግን በከፊል እንደነቃ ነው። ቀጥለው ጤናማ ወጣት ፈቃደኞችን አስተኝተው፣ ጥልቅ እንቅልፍ ውስጥ በገቡ ቁጥር ሳያነቁ በድምፅ ብቻ ወደ ላይ ወደ ቀላሉ እንቅልፍ መለሷቸው። ጥቂት ሌሊት እንዲህ ያደሩት ፈቃደኞች ጠዋት ሲነሡ ሰውነታቸው ቆረጣጠማቸው፣ ሲነኳቸው አመማቸው፣ ድካም ተጫናቸው። ሕልም የሚታይበት የእንቅልፍ ክፍል በተቋረጠባቸው ላይ ግን ይህ አልታየም። እንዳሻቸው እንዲተኙ ሲለቀቁ ሕመሙም ተዋቸው።

ከዚህ ሙከራ በኋላ «ስምንት ሰዓት ተኝቻለሁ» ማለት ብቻውን መልስ አይሆንም። ሰዓቱ ሞልቶ ጥልቁ ክፍል የጎደለበት እንቅልፍ ሊጡ በቅጡ ሳይቦካ እንደተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ነው፤ ሞሰቡ ሙሉ ነው፣ የሚበላው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። አካል የዕለት ጉዳቱን የሚጠግንበት የዕድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨውም በዚሁ በጥልቁ ክፍል ነው።

ኖርዌይ ውስጥ ከ12 ሺህ በላይ ሴቶችን ለ10 ዓመት ያህል ተከታትሎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመው ጥናት ደግሞ፣ መጀመሪያ ላይ «ብዙ ጊዜ ወይም ሁልጊዜ እንቅልፍ ይቸግረኛል» ያሉት ሴቶች ኋላ በፋይብሮማያልጂያ የመያዝ ዕድላቸው ከሌሎቹ ከ3 እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ሕመሙ እንቅልፍ ነሣኝ እንላለን። እንቅልፍ ማጣቱም ሕመሙን ይጠራል።

ሠራተኛ ሰፈር የማውቃቸው አንዲት እናት ልጆቻቸውን ያሳደጉት እንጀራ ጋግረው በመሸጥ ነው። አክንባሎውን ሲያነሡ ጣታቸው ይከዳቸዋል፤ ክርናቸውን ወገባቸው ላይ ደግፈው፣ ትንሽ ቆም ብለው ነው የሚያወጡት። ስለ ሌሊቱ ስጠይቃቸው ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የሚመጣው ሌሊት ነው አሉኝ። ቧንቧው «ጢስ» ሲል ይሰሙታል፤ ተነሥተው ጀሪካን በጀሪካን ይሞላሉ፤ በርሜሉ ሳይሞላ አይተኙም። ተመልሰው ሲጋደሙ የሊጡ ሰዓት ይደርሳል። ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ግን ስለ ውሃው የጠየቃቸው የለም፤ እርሳቸውም የሚነገር ነገር አልመሰላቸውም። የሚነገር ነው። ከራጁ ይልቅ ይህ ነው የሚያስረዳው።

የዓለም ጤና ድርጅት የአውሮፓ ቢሮ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሌሊት ያስቀመጠው የውጭ ድምፅ ጣሪያ 40 ዴሲቤል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? ፀጥ ያለ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የሚሰማ ያህል ማለት ነው። በጭቃና በጭድ ግድግዳ ከጎረቤት በተለየ የቀበሌ ቤት ውስጥ ይህን ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አትክልት ተራ ገና ፒያሳ በነበረበት ጊዜ፣ ማለትም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ እስኪዛወር፣ የጭነት መኪናው ድምፅና የተሸካሚው ጩኸት የሚጀምረው ሰዉ ገና ሳይነቃ ነበር። የጆሮ መድፈኛ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። ተስማሚው ካልተገኘ ወፍራም ጋቢ ከመስኮቱ ላይ መጋረድም ያግዛል።

ቡናችንስ? ካፌይን በአማካይ 5 ሰዓት ቆይቶ እንኳ ግማሹ ሰውነት ውስጥ እንደሚገኝ ያውቁ ኖሯል? ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ የተጠጣ ቡና ግማሹ ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ አብሮ ይተኛል ማለት ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ፣ ከመኝታ 6 ሰዓት በፊት የተወሰደ ብዙ ካፌይን ከእንቅልፍ ከ1 ሰዓት በላይ መቀነሱን በመሣሪያ ለክቷል፤ ተኚዎቹ ግን ይህን ልዩነት በቅጡ አላስተዋሉትም። «እኔን ቡና እንቅልፍ አይነሣኝም» የሚል ሰው ልብ ይበል፤ እንቅልፉ መምጣቱን እንጂ ጥልቀቱን አያውቅም። ፒያሳ የቡና አገር ናት፤ ቶሞካ ከ1953 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየቆላ እያፈላ ያስተናግዳል። ማንም ቡናውን ይተው አላልኩም። አቦሉም ቶናውም በረካውም ከምሳ ሰዓት በፊት ይሁን፤ ለማታው ጎረቤት መጥራት ካስፈለገ ደግሞ የጤና አዳም ወይም የጦስኝ ሻይ ይፈላ። ጫት ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነው። ውስጡ ያለው ካቲኖን የሚሠራው እንደ አምፌታሚን ዘር ስለሆነ ሌሊቱን ሙሉ ይወስዳል።

አረቄና ጠጅ ቶሎ ያስተኛሉ፤ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይበጣጥሱታል።

እንቅልፍ እንዲያመጡ የሚሰጡት የዳያዜፓም ዘር ክኒኖችስ ጥልቁን የእንቅልፍ ክፍል እንደሚያሳንሱ ያውቁ ኖሯል? ለፋይብሮማያልጂያ ሰው የጎደለው ያው ክፍል ነው። ለረጅም ጊዜ የወሰዳቸው ሰው ግን በራሱ ፈቃድ በድንገት አያቁም፤ አደጋ አለው። በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ነው የሚቀነሰው።

አዲስ አበባ የተቆረቆረችው ለሙቅ ውሃ ቅርብ ለመሆን ሲባል መሆኑን ብዙዎቻችን በትምህርት ቤት ተምረናል። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው ፍል ውሃ አጠገብ ቤት አሠሩ፤ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ስሟን አገኘች። መኳንንቱም ሕዝቡም ሕመሙን ሊያስታግስ እዚያው ይወርድ ነበር፤ ዛሬም ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ወርዶ ፍል ውሃ የሚታጠብ ሰው አለ። ሳይንሱ ከዚህ ልማድ ጋር ምን ያህል እንደሚስማማ ግን ያውቁ ኖሯል? የአውሮፓ የሩማቶሎጂ (የመገጣጠሚያና የጡንቻ ሕመም ሕክምና) ማኅበር በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው የፋይብሮማያልጂያ መመሪያ ውስጥ የሙቅ ውሃ ሕክምና ከሚደገፉት አንዱ ነው፤ ድጋፉ ግን «ደካማ» የሚባለው ነው። ከዚያ በኋላ በ2019 እ.ኤ.አ. የታተመ የጥናቶች ክምችት ደግሞ ከመኝታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት በፊት ከ40 እስከ 42.5 ዲግሪ በሞቀ ውሃ መታጠብ እንቅልፍን በአማካይ በ10 ደቂቃ ያህል እንደሚያፋጥን አሳየ። ለዚህም ምክንያት አለው፦ እጅና እግር ሲሞቁ ደም ወደ ቆዳ ይወጣል፣ የውስጥ አካል ሙቀት ይወርዳል፣ እንቅልፍ የሚመጣውም ያኔ ነው። ሻወር ለሌለው ቤት አንድ ሳፋ የሞቀ ውሃና እግርን ዘፍዝፎ መቀመጥ በዚሁ መንገድ ይሠራል። እኔ ከመጋረጃውም ከቡናውም አስቀድሜ የምመክረው ይህን ነው። ፍል ውሃ የሚሄዱ ግን ማለዳ ሳይሆን ማታውን ይምረጡ፤ ታጥበው ሲወጡም ብርድ እንዳይመታዎት ብቻ ሳይሆን ዳገቱን በእግር እንዳይወጡት አስቀድመው ያስቡ።

ዋግምት፣ ወጌሻ፣ መታሸት? ቀለል ያለ መታሸት የሚረዳው ሰው አለ። «እስኪያምህ ካላሸሁህ አይለቅህም» የሚል ወጌሻ ግን ለዚህ ሕመም አይሆንም፤ ነርቭ ቀድሞውንም ሁሉን ነገር አግንኖ የሚሰማ ሆኗልና ሁለት ሦስት ቀን አልጋ ላይ ይጥላል።

ከአራዳ ጊዮርጊስ ብዙም ሳይርቅ ማዕከላዊ የሚባለው የምርመራ እስር ቤት ነበር። ሂዩማን ራይትስ ዎች በጥቅምት 2013 እ.ኤ.አ. ስለዚሁ ቦታ ባወጣው ዘገባ ውስጥ «ጨለማ ቤት» እና «ጣውላ ቤት» የሚባሉት ክፍሎች ከእነ ስማቸው ተጠቅሰዋል። መንግሥት በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. እንደሚዘጋ አስታውቆ ከተዘጋ በኋላ በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለሕዝብ ዕይታ ተከፍቷል። ይህ እዚህ አምድ ላይ ለምን መጣ? ከስቃይ የተረፉ ሰዎች ቁስላቸው ከዳነ ከብዙ ዓመት በኋላም መላ አካላቸውን የሚያዳርስ ሕመምና እንቅልፍ ማጣት አብሯቸው እንደሚኖር በብዙ አገር በተደረጉ ጥናቶች ስለታወቀ ነው። ውስጥ እግሩን «ወፌ ላላ» የተገረፈ ሰው እግሩ ከዳነ በኋላም ለዓመታት ሲረግጥ ሊያመው ይችላል። ቅዠቱ ሌሊት ያነቃዋል፤ ነቅቶ ያደረው ሰውነት ቀን ይብስበታል። በደርግ ዘመንም ከዚያም ወዲህ እንዲህ ያለ ሌሊት ያሳለፉ አባቶችና እናቶች በየሰፈራችን አሉ። ልጆቻቸው «አባባ ሁሌ ያመዋል» ይላሉ። የአባባ ሕመም ታሪክ አለው፤ ሐኪሙ ያንን ታሪክ ማወቅ አለበት፣ የሚናገረውም ሰው ሳይቸኮል ሊደመጥ ይገባል።

በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙ ነባር የፒያሳ ነዋሪ ወደ ከተማዋ ዳርቻ ሄዷል። ብቸኝነት እንቅልፍንም ሕመምንም እንደሚያብስ ያውቁ ኖሯል? ለአዲሱ ቤት የሄደው ሰው ውሃና መጸዳጃው ተሻሽሎለት ሊሆን ይችላል፤ ሲያመው አንሶላ የሚያጥብለት፣ ቡና አፍልቶ የሚጠራው፣ እድሩም ጽዋውም አብሮት አልተጓዘም። ታማሚ ዘመድ ያለው ሰው ስልክ መደወልን ከመድኃኒቱ እኩል ያስበው።

ለዚህ ሕመም ቀደም ብሎ በተጠቀሰው የአውሮፓ መመሪያ ውስጥ «በጥብቅ ይደገፋል» የተባለው ነገር አንድ ብቻ መሆኑን ያውቁ ኖሯል? እንቅስቃሴ ነው። ክኒን አይደለም። ያመመው ሰው «ተንቀሳቀስ» ሲባል እንደ ስድብ ሊሰማው ይችላል፤ እውነቱን ነው፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሕመሙ ሊጨምር ይችላል። ዘዴው ከሚችሉት በታች መጀመር ነው። ከጊዮርጊስ አደባባይ እስከ ማዘጋጃ ቤት ባለው ለጥ ባለው መንገድ ለ5 ደቂቃ፤ ሳምንት ቆይቶ 7፤ ከዚያ 10። ደህና በሆኑበት ቀን ራስ መኮንን ድልድይ ድረስ ወርዶ ዳገቱን መመለስ የሚያጓጓ ነው፤ ግን የሚቀጥሉትን ቀናት ያስከፍላል። ደህናም ቀን ክፉም ቀን ያው መጠን።

የሰሞነ ሕማማት ስግደት የሚያስጨንቀው ሰውም አለ። ስግደቱ ለታመመ ሰው እንዲቀልለት ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ የነፍስ አባትን ማማከር ነው። በ23 ወርኃዊ የጊዮርጊስ በዓል ላይ ለሰዓታት ከመቆም መቋሚያ ተደግፎ ወይም ግንብ ጥግ ተቀምጦ ማስቀደስ ነውር የለበትም፤ አጠገብ ያለው ምእመንም ወጣቱ ለምን ተቀመጠ ብሎ አይገላምጥ።

መድኃኒቶቹስ? አሚትሪፕቲሊን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ለድብርት የወጣ አሮጌ፣ ርካሽ መድኃኒት ነው። ለፋይብሮማያልጂያ ግን ከድብርቱ መጠን በጣም ባነሰ፣ ማታ ማታ ይሰጣል፤ እንቅልፍንም ሕመምንም ይነካል። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ሕመም ተብሎ መጀመሪያ የተፈቀደው ፕሬጋባሊን ነው፣ በ2007 እ.ኤ.አ.፤ ዱሎክሲቲን በ2008፣ ሚልናሲፕራን በ2009 ተከተሉት። ከዚያ ከ15 ዓመት በላይ ዝምታ ሆነና በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ቶንሚያ የተባለ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ክኒን ተፈቀደ። የሚወሰደው በመኝታ ሰዓት ነው፤ የታሰበውም በእንቅልፍ በኩል ሕመሙን ለመያዝ ነው። ጠንካሮቹ የሞርፊን ዘሮች ግን አይመከሩም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ብዙ ሰው አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝለት ወረቀቱን አንብቦ «የአማኑኤል መድኃኒት ነው» ብሎ ይጥለዋል፤ ቤተሰብም «አበደች እንዴ?» ይላል። አማኑኤል ሆስፒታል የከበረ የአእምሮ ሕክምና ቦታ ነው፤ እዚያ መታከምም አያሳፍርም። መድኃኒቱ ግን እዚህ የታዘዘው ለነርቩ ሕመም ነው። አንድ ክኒን ሁለት ሥራ ሊኖረው ይችላል፤ አስፕሪንም ለራስ ምታትም ለልብም ይሰጣል።

ለረጅም ጊዜ እንቅልፍ ማጣት የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 እ.ኤ.አ. ከክኒን በፊት ያስቀደመው በልማድ ለውጥ የሚደረገውን ሕክምና ነው። ከዋና ሕጎቹ ሁለቱ እነዚህ ናቸው፦ በየቀኑ በአንድ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ ማዋል። ሁለተኛው አንድ ክፍል ቤት ውስጥ እንዴት ይሆናል? አልጋው ሶፋም ነው፣ የልጆች ማጥኛም ነው፣ እንግዳ ሲመጣም መቀመጫ ነው። ቢያንስ ቀን ላይ በሌላ ጨርቅ ይሸፈን፤ ማታ ጨርቁ ይነሣ፤ ቀን የሚጋደሙ ከሆነ ደግሞ በተቃራኒው ጫፍ። እንቅልፍ እምቢ ሲል እየተገላበጡ ከመጨቃጨቅ ተነሥቶ ዱካ ላይ መቀመጥ፣ ሲመጣ መመለስ። ስልክ ከትራስ ሥር ይውጣ።

ጎንደርና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ተደርጎ በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ከተማሪዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንቅልፋቸው ጥራት የጎደለው መሆኑን እንዳሳየ ያውቁ ኖሯል? መለኪያው ከ1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የሚሠራበት የፒትስበርግ መጠይቅ ነው፤ ውጤቱ ከ5 ከበለጠ እንቅልፉ ችግር አለበት።

እግር ሌሊት አላርፍ ካለ፣ ካላነቃነቁት የሚያሳክክ የሚመስል ነገር ካለ፣ የብረት ማነስ ሊሆን ይችላልና የብረት ክምችት መጠን ይለካ። የሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ልቡ ትንፋሹ የሚቋረጥ ሰው ደግሞ ሌላ የሚታከም ችግር አለበት።

የ13 ወር ፀሐይ አገር ውስጥ የቫይታሚን ዲ እጥረት አለ ቢባሉስ? በ2015 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት አዳማና አካባቢዋ ከተመረመሩት ተማሪዎች ከመቶ 42ቱ እጥረት ነበረባቸው፤ በከተማ ያሉት ከገጠሮቹ በጣም ይበልጣሉ። ብርቱ እጥረት አጥንትና ጡንቻን ስለሚያሳምም ፋይብሮማያልጂያን ይመስላል፤ ሕክምናው ግን ቀላል ነው።

ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪሞች 18 ነጥቦችን በጣት እየተጫኑ 11ዱ ካመሙ «ፋይብሮማያልጂያ» ይሉ ነበር። በ2010 እ.ኤ.አ. ይህ ቀርቶ በ19 የአካል ክፍሎች ቆጠራና በድካም፣ በእንቅልፍ፣ በሐሳብ ጥያቄዎች ተተክቷል፤ በ2016 ተሻሽሏል። ስለዚህ ጠቅላላ ሐኪምም ጤና ጣቢያ ቁጭ ብሎ ሊለየው ይችላል። በአገራችን የሩማቶሎጂ ስፔሻሊስቶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸውና ይህ ትልቅ ነገር ነው። ታማሚው የሁለት ሳምንት የእንቅልፍ ማስታወሻ ይዞ ቢቀርብ፣ ስንት ሰዓት ተኛ፣ ስንቴ ነቃ፣ ለምን ነቃ፣ ሲነሣ እንዴት ነበር፣ የሐኪሙን ሥራ እኩሌታ ሠራለት።

ፋይብሮማያልጂያ የሚታሰብበት ዕለት ግንቦት 4 ነው፤ ከክራይሚያ ጦርነት ተመልሳ ለብዙ ዓመታት በሕመም ከአልጋዋ ሳትርቅ የጻፈችው የነርሶች እናት ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1820 እ.ኤ.አ. የተወለደችበት ቀን።

የመጨረሻው ከሁሉም ይጥበቅ። መገጣጠሚያ ካበጠና ከቀላ፣ ትኩሳት ወይም የሌሊት ላብ ካለ፣ ክብደት ያለ ምክንያት ከቀነሰ፣ የጀርባ ሕመሙ አንድ ቦታ ላይ ቆሞ ሌሊት ሌሊት ከባሰ፣ እግር ከዛለ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ይህ ፋይብሮማያልጂያ አይደለም። የአከርካሪ ቲቢም ሊሆን ይችላል፣ ሌላም። ቀድሞ ፋይብሮማያልጂያ የተባለ ሰውም ቢሆን «ያው የለመድኩት ነው» ብሎ ሳያሳድር በዚያው ሳምንት መታየት አለበት፤ ሽንት የከለከለው ወይም እግሩ የዛለው ደግሞ በዚያው ቀን።